ገመድና ቁና፤ የስፋትና የይዘት ልኬት አጭር ታሪክ

አንድን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «የጎነ ሦስት ስፋት እንዴት ይገኛል?» ብለን ብንጠይቀው «መሠረቱ በከፍታው ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል» ሲል ወዲያው ይመልሳል። የፒራሚድን ይዘት ብንጠይቀው ደግሞ «የመሠረቱ ስፋት በከፍታው ተባዝቶ ለሦስት ሲካፈል» ይለናል። ነገር ግን «እዚያ ለሁለት፣ እዚህ ለሦስት የተካፈለው ስለ ምንድን ነው?» ስንል ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይላል። ተማሪው ቀመሩን በቃሉ ይዞታል እንጂ ከየት እንደ መጣ አልተነገረውም።

በዚህ ጽሑፍ የእነዚህን ቀመሮች አመጣጥ ባጭሩ እንመለከታለን። ታሪካቸው የሚያስተምረን አንድ ዋና ነገር አለ። የስፋትና የይዘት ልኬት የተጀመረው መሬት ሲከፈል፣ እህል ሲሰፈር፣ ግብር ሲጣል ነው። ስለዚህ በልኬቱ ላይ የሚደርሰው ስሕተት ከአንዱ ሰው ቀንሶ ለሌላው የሚጨምር ነበር። ትክክለኛው ሕግ ከግምቱ ሕግ ተለይቶ የታወቀውም «ለምን?» ብለው የጠየቁ ሰዎች በተነሡ ጊዜ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

የዓባይ ጎርፍና የመሬት ለኪዎች

ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረ ሰው ነው። በታሪክ መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል እንደ ተረከው፣ ሴሶስትሪስ የተባለ ንጉሥ የግብፅን መሬት በእኩል አራት ማዕዘን ከፋፍሎ ለሕዝቡ ሰጠ፤ በዚያም ልክ የየዓመቱን ግብር ጣለ። የወንዙ ጎርፍ ከአንዱ ገበሬ ማሳ ቆርሶ የወሰደ እንደ ሆነ ገበሬው ለንጉሡ ያመለክታል። ንጉሡም ለኪዎችን ልኮ የጎደለውን ያስመረምራል፤ ግብሩም በጎደለው መጠን ይቀነስለታል። በሄሮዶቱስ አስተያየት ጂኦሜትሪ የተገኘው በዚህ ምክንያት ሲሆን ወደ ግሪክ አገርም የተሻገረው ከዚያ ነው። «ጂኦሜትሪ» የሚለው የግሪክ ቃል ራሱ «መሬትን መለካት» ማለት ነው።

ይህ ጎርፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአስዋን ግድብ እስኪሠራ ድረስ ግብፅን በየዓመቱ ያጥለቀልቅ የነበረው ውሃ አብዛኛው በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበው የክረምት ዝናብ ሲሆን በዓባይና በተከዜ በኩል የሚወርድ ነበር። ከደጋችን የተጠረገው አፈር የግብፅን ማሳ ያለብስ፣ የማሳውንም ወሰን ያጠፋ ነበር። ጎርፉ በጎደለ ጊዜ ወሰኑን እንደ ገና ማበጀት ግድ ይሆናል። ይህን ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች ግሪኮች «ገመድ ወጣሪዎች» ይሏቸው ነበር።

የግብፆች ዋና መለኪያ የንጉሥ ክንድ የሚባለው ሲሆን 52 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። መቶ ክንድ አንድ «ኼት» ይባላል። እያንዳንዱ ጎኑ አንድ ኼት የሆነ ማሳ «ሰታት» ይባል ነበር፤ ይህም 2,735 ካሬ ሜትር ያህል፣ ማለት ከሩብ ሄክታር ጥቂት ከፍ ያለ ነው። እዚህ ላይ ተማሪው አንድ ትልቅ አሳብ ሊያስተውል ይገባዋል። ርዝመት በርዝመት ይለካል፤ ስፋትን ለመለካት ግን ራሱ ስፋት ያለው መለኪያ፣ ማለት ካሬ ያስፈልጋል። ይዘትን ለመለካትም እንዲሁ ኪዩብ ወይም አንድ መስፈሪያ ዕቃ ያስፈልጋል። ሬክታንግል ርዝመቱ በወርዱ የሚባዛው በውስጡ ያሉትን ካሬዎች ረድፍ በረድፍ ለመቁጠር ነው።

የአህሜስ ጎተራ

ግብፆች ከማሳና ከጎተራ ጋር የተያያዘ ስሌታቸውን ለማወቅ የቻልነው በፓፒረስ ላይ ከተጻፉ ጥቂት ጽሑፎች ነው። ከእነዚህ ዋናው አህሜስ የተባለ ጸሐፊ በ1550 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሌላ የቆየ ጽሑፍ የገለበጠው ነው። አሌክሳንደር ሄንሪ ራይንድ የተባለ እስኮትላንዳዊ በ1858 በሉክሶር ገዛው፤ ከ1865 ጀምሮም አብዛኛው ክፍል በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል።

በዚህ ፓፒረስ 50ኛው ጥያቄ ላይ ዲያሜትሩ 9 ኼት የሆነ ክብ ማሳ አለ። አህሜስ ከ9 ላይ አንድ ዘጠነኛውን ይቀንሳል፤ 8 ይቀራል፤ 8 በ8 ተባዝቶ 64 ሰታት ይሆናል። በ41ኛው ጥያቄ ደግሞ ክብ ጎተራ ይሰጠዋል፤ ዲያሜትሩ 9 ክንድ፣ ከፍታው 10 ክንድ ነው። በዚያው መንገድ 64 ያገኝና በ10 አባዝቶ ይዘቱ 640 ኪዩብ ክንድ ነው ይላል። ከዚያም ይህን በጊዜው ወደ ነበረው የእህል መስፈሪያ ለውጦ 960 «ኻር» ያደርገዋል። እኛ የአንድን ጎተራ ይዘት ስንት ቁና፣ ስንት ዳውላ ይሆናል እንደምንለው ማለት ነው።

ዛሬ ፓይ በሚባለው ቁጥር ብናሰላው የጎተራው ይዘት 636.2 ኪዩብ ክንድ ያህል ነው። የአህሜስ መልስ በ3.8 ኪዩብ ክንድ ይበልጣል። ስሕተቱ ከመቶ 0.6 ብቻ ነው፤ በመሣሪያ ማነስ ሲታይ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ ይህች ትንሽ ልዩነት በሊትር ስትቆጠር 550 ሊትር ያህል እህል ትሆናለች። በጎተራው ይዘት ልክ እህል እንዲያስገባ የታዘዘ ሰው ያንን ያህል የሌለ እህል ይጠየቃል። አህሜስ መልሱ ግምት መሆኑን አልጻፈም። ትክክለኛ የሆነው የሬክታንግል ሕግና ግምት የሆነው የክብ ሕግ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ተጽፈዋል።

ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ሕግ

ከዚህ የባሰ ምሳሌ አለ። በላይኛው ግብፅ በኤድፉ ከተማ ከ237 እስከ 57 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ ቤተ መቅደስ ይገኛል። በግንቡ ላይ የቤተ መቅደሱ ማሳዎች ከነልካቸው ተቀርጸዋል። አራት ጎን ያለውን ማሳ የለኩበት መንገድ እንዲህ ነው፤ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ጎኖች ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ሌሎቹንም ሁለት ጎኖች እንዲሁ ማድረግ፣ የተገኙትን ሁለት ቁጥሮች ማባዛት ነው። ለምሳሌ ጎኖቹ 22 እና 23፣ 4 እና 4 የሆኑት ማሳ 22½ በ4 ተባዝቶ 90 ተብሎ ተመዝግቧል። ሦስት ጎን ያለውን ማሳ አንደኛው ጎኑ ዜሮ እንደ ሆነ ባለ አራት ጎን ቆጥረውታል። ይህ ሕግ ከግብፅ ሌላ ከዚያ እጅግ ቀድሞ በሜሶፖታሚያ ለኪዎች ዘንድም ይሠራበት ነበር።

ሕጉ ለሥራ የሚመች ነው፤ ለኪው ገመዱን ይዞ ማሳውን አንድ ጊዜ ከዞረ በቂው ነው። ግን ትክክል ነውን? አንድ ትራፒዚየም እንውሰድ። ትይዩ ጎኖቹ 20 ሜትርና 10 ሜትር፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 13 ሜትር ይሁኑ። በለኪዎቹ ሕግ ስፋቱ 15 በ13፣ ማለት 195 ካሬ ሜትር ነው። ከፍታው ግን 12 ሜትር ስለሆነ እውነተኛው ስፋት 15 በ12፣ ማለት 180 ካሬ ሜትር ነው። ማሳው ይበልጥ እየተጣመመ በሄደ ቁጥር ልዩነቱ ይከፋል። አራቱም ጎኖቹ 10 ሜትር የሆኑ፣ ግን ከፍታው 6 ሜትር ብቻ የሆነ ማሳ በሕጉ 100፣ በእውነት 60 ካሬ ሜትር ነው።

የባሰው ነገር ስሕተቱ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የማይል መሆኑ ነው። ይህ ሕግ ምን ጊዜም ከእውነተኛው በታች አይሰጥም። ማስረጃውን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሊረዳው ይችላል። የማሳውን ጎኖች በተከታታይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው። ማሳውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሚሄድ መስመር ብንቆርጠው ሁለት ጎነ ሦስቶች ይወጣሉ። ሁለት ጎኖቹ ሀና ለ የሆኑት ጎነ ሦስት ስፋቱ ከሀ × ለ ግማሽ ሊበልጥ አይችልም፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ሲሆን ብቻ እኩል ይሆናል። ሌላው ጎነ ሦስትም ከሐ × መ ግማሽ አይበልጥም። በሁለተኛው መስመር ብንቆርጠው ደግሞ የለ × ሐ ግማሽና የመ × ሀ ግማሽ ወሰን ይሆኑናል። ሁለቱን አቆራረጥ ብንደምር የማሳው ስፋት እጥፍ ከእነዚህ ከአራቱ ግማሾች ድምር አይበልጥም። ይህን ለሁለት ስናካፍል የምናገኘው የለኪዎቹን ሕግ ነው። ስለዚህ ሕጉ ትክክል የሚሆነው አራቱም ማዕዘኖች ቀጥ ያሉ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ ያበዛል።

የዚህን ትርጉም እናስብ። በዚህ ሕግ በተለካ ማሳ ላይ ግብር ቢጣል የሚጎዳው ሁልጊዜ ገበሬው ነው፤ የሚጠቀመውም ሁልጊዜ ሰብሳቢው ነው። የማሳው ቅርጽ ቀጥ ያለ ከሆነው ሰው ይልቅ መሬቱ በገደልና በወንዝ የተጣመመበት፣ ምናልባትም ደኻ የሆነው ሰው፣ ይበልጥ ይጎዳል። በለኪው ልብ ተንኮል ባይኖርም ቀመሩ ራሱ ያዳላል።

ዙሪያ ስፋትን አይነግርም

በዙሪያ መሳሳትም የቆየ ታሪክ አለው። ግሪካዊው ጸሐፊ ፖሊቢዩስ በ2ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ ሁለት ከተሞች ጽፏል። ሜጋሎፖሊስ ዙሪያዋ 50 ስታድ፣ ስፓርታ ግን 48 ስታድ ሲሆን ስፓርታ በስፋት የሜጋሎፖሊስ እጥፍ ነበረች። ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ለማመን እንደሚያዳግታቸውና ይህም በትምህርት ቤት የተማሩትን ጂኦሜትሪ በመርሳታቸው መሆኑን ፖሊቢዩስ ይናገራል።

በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአቴና ያስተምር የነበረው ፕሮክሉስ ደግሞ የዩክሊድን መጽሐፍ ሲያብራራ ከዚህ የከፋ ነገር ያነሣል። መሬት ሲካፈሉ ዙሪያው የሚበልጠውን ለባልንጀራቸው እየሰጡ ስፋቱ የሚበልጠውን ለራሳቸው የሚወስዱ ሰዎች ነበሩ። ከዚህም አልፈው ደጎችና ቅኖች ተብለው ይመሰገኑ ነበር። በቁጥር ብናየው፣ 160 ሜትር ገመድ ጎኑ 40 ሜትር የሆነ ካሬ ያጥራል፤ ስፋቱ 1,600 ካሬ ሜትር ነው። ያው ገመድ ርዝመቱ 70 ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ማሳም ያጥራል፤ የዚህ ስፋት ግን 700 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ተካፋዩ ገመዱ እኩል መሆኑን አይቶ ከእጥፍ በላይ ይታለላል። ጂኦሜትሪ ያልተማረ ሰው የተበደለ መሆኑን እንኳ አያውቅም፤ በዳዩንም አመስግኖ ይሄዳል።

«ለምን?» የሚለው ጥያቄ

ግሪኮች ከግብፅና ከባቢሎን ብዙ ተቀብለዋል። በዚህ ላይ የጨመሩት ትልቁ ነገር ማስረጃ መጠየቅ ነው። በ300 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ዩክሊድ በመጽሐፉ አንደኛ ክፍል፣ በአንድ መሠረት ላይ በሁለት ትይዩ መስመሮች መካከል ያሉ ፓራሌሎግራሞች ሁሉ ስፋታቸው እኩል መሆኑን አሳየ። ጎነ ሦስትም የእንዲህ ያለው ፓራሌሎግራም ግማሽ ነው። የተማሪያችን «ለሁለት ሲካፈል» ምክንያቱ ይኸው ነው። አንዱን ጎነ ሦስት ከወረቀት ቆርጦ ተመሳሳዩን ገልብጦ ከጎኑ ማስቀመጥ በቂ ነው።

ክብን በሚመለከት ትልቁን ሥራ የሠራው የሰራኩሱ አርኪሜዲስ ነው፤ የኖረው ከ287 ገደማ እስከ 212 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። የክብ ስፋት መሠረቱ የክቡ ዙሪያ፣ ከፍታው ራዲየሱ ከሆነው ጎነ ሦስት ጋር እኩል መሆኑን አስረዳ። ከዚያም 96 ጎን ያላቸውን ቅርጾች ከክቡ ውስጥና ውጭ በማበጀት፣ ዙሪያው ለዲያሜትሩ ያለው ድርሻ ከ3 10/71 የሚበልጥ፣ ከ3 1/7 የሚያንስ መሆኑን አሳየ። 3 1/7 ማለት እኛ በትምህርት ቤት 22/7 የምንለው ነው። እዚህ ላይ ከአህሜስ የሚለይበትን ነጥብ ልብ እንበል። አርኪሜዲስም የሰጠው ግምት ነው፤ ነገር ግን ግምት መሆኑን ተናግሮ፣ ስሕተቱ ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል ወስኖ አስቀመጠ። በቻይናም ሊዩ ሁይ በ263 ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሠራው ሥራ፣ ሰዎች ለክብ ዙሪያ የሚጠቀሙበት «የዲያሜትር ሦስት እጥፍ» በእውነቱ በክቡ ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ዙሪያ መሆኑን ገለጸ፤ ለራሱም 3.14 ላይ ደረሰ።

ፒራሚድ ስለ ምን ሢሶ ሆነ?

ግብፆች ስለ ፒራሚድ ብዙ ያውቁ ነበር። ዛሬ በሞስኮ ፑሽኪን ሙዚየም በሚገኝ ሌላ ፓፒረስ 14ኛ ጥያቄ ላይ አናቱ የተቆረጠ ፒራሚድ አለ፤ የታችኛው ጎን 4፣ የላይኛው 2፣ ከፍታው 6 ነው። ጸሐፊው 16 እና 8 እና 4 ደምሮ 28 ያገኛል፤ የ6ን ሢሶ፣ ማለት 2 ወስዶ ያባዛና 56 ይላል። መልሱ ፍጹም ትክክል ነው። ያም ሆኖ ሢሶው ከየት እንደ መጣ አልጻፈም።

ፒራሚድ መሠረቱና ከፍታው እኩል የሆነው ፕሪዝም ሢሶ መሆኑን በግሪኮች ዘንድ አስቀድሞ የተናገረው ዲሞክሪቱስ፣ ማስረጃውን ያገኘው ግን ዩዶክሰስ እንደ ሆነ አርኪሜዲስ ጽፏል። ለአንድ ልዩ ሁኔታ ነገሩ ቀላል ነው። አንድን ኪዩብ ከአንዱ ማዕዘኑ ተነሥተን ብንቆርጠው እኩል የሆኑ ሦስት ፒራሚዶች ይወጡታል። ለማንኛውም ፒራሚድ ግን እንዲህ ቆራርጦ መገጣጠም አይበቃም፤ ፒራሚዱን እጅግ በቀጫጭኑ እየከፈሉ ወደ ወሰኑ መጠጋት ያስፈልጋል። ዩዶክሰስም ይህን መንገድ ነው የተከተለው።

ይህ የዩዶክሰስ ችሎታ ማነስ ነበርን? አልነበረም። ስፋታቸው እኩል የሆኑ ማናቸውም ሁለት ባለ ቀጥታ ጎን ጠፍጣፋ ቅርጾች አንደኛው ተቆራርጦ ሌላውን ሊሆን እንደሚችል በ19ኛው መቶ ዓመት ታውቋል። በጠጣር ቅርጾች ግን ይህ እውነት ይሁን አይሁን ጀርመናዊው ሂልበርት በ1900 ካቀረባቸው ታላላቅ ጥያቄዎች ሦስተኛው ነበር። ተማሪው ማክስ ዴን ወዲያው መልስ ሰጠ፤ ይዘታቸው እኩል ሆኖ ሳለ አንደኛው ተቆራርጦ ሌላውን ሊሆን የማይችል ፒራሚዶች አሉ። ስለዚህ ጎነ ሦስትን በመቀስ ማስረዳት ሲቻል ፒራሚድ የግድ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ተማሪዎች ሢሶውን ከግማሹ ይበልጥ የሚከብዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከብራና ሥር የተገኘ መጽሐፍ

አርኪሜዲስ ከሥራው ሁሉ አብልጦ የወደደው ስለ ሉል ያገኘውን ነው። ሉል በልኩ በተሠራ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ይዘቱ የሲሊንደሩ ሁለት ሦስተኛ ነው። በመቃብሩ ላይ ሉልና ሲሊንደር እንዲቀረጽለት ፈልጎ ነበር። በ75 ከክርስቶስ ልደት በፊት በሲሲሊ የሮማ ሹም የነበረው ሲሴሮ መቃብሩን በቁጥቋጦ ተውጦ ያገኘው በዚህ ምልክት ነው።

አርኪሜዲስ ይህን መጀመሪያ እንዴት እንዳሰበው ለብዙ ዘመን አልታወቀም ነበር። በ1906 ዴንማርካዊው ሃይበርግ በቁስጥንጥንያ አንድ የጸሎት መጽሐፍ ሲመረምር ከጸሎቱ ጽሕፈት ሥር ሌላ የደበዘዘ ጽሕፈት አየ። የብራናን አዘገጃጀትና ዋጋ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በ10ኛው መቶ ዓመት የአርኪሜዲስ ሥራ የተገለበጠበትን ብራና በ13ኛው መቶ ዓመት ፍቀው ጸሎት ጽፈውበት ነበር። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አርኪሜዲስ ሉልን፣ ኮንንና ሲሊንደርን በቀጫጭኑ እየከፈለ በአሳብ ሚዛን ላይ ሲሰቅላቸው እናያለን። ውጤቱ ለማስታወስ የሚያምር ነው፤ መሠረታቸውና ከፍታቸው ከሉሉ ዲያሜትር ጋር እኩል ሲሆን የኮን፣ የሉልና የሲሊንደር ይዘት እንደ 1፣ 2 እና 3 ነው።

ለመምህር የሚጠቅመው ግን አርኪሜዲስ አያይዞ የሰጠው ምክር ነው። የሚዛኑ መንገድ ማስረጃ እንዳልሆነ፣ ሆኖም መልሱን አስቀድሞ ማወቅ ማስረጃውን ለማግኘት እንደሚረዳ ይገልጻል። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ኮንና ሲሊንደር ከካርቶን ሠርተን በኮኑ ሦስት ጊዜ ጤፍ እየሰፈርን ሲሊንደሩን ብንሞላ መልካም እናደርጋለን። ጤፉ 3ን ከ2.98 እንደማይለይ፣ ማስረጃውም ገና እንደሚቀር መንገርንም አንዘንጋ።

የነጋዴው በትር

በ1613 በኦስትሪያ ሊንዝ ከተማ ይኖር የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር ለሠርጉ ወይን በበርሜል ገዛ። ነጋዴው በበርሜሉ ወገብ ባለው ቀዳዳ በትር አግድም አስገብቶ፣ በትሩ እስከ ታችኛው ጥግ የደረሰበትን ልክ ብቻ አይቶ ዋጋውን ተናገረ። ኬፕለር ቀጭን በርሜልና ወፍራም በርሜል በትሩ ላይ አንድ ልክ እያሳዩ የሚይዙት ወይን ሊለያይ እንደሚችል ተገነዘበ። ነገሩን መርምሮ በ1615 የበርሜሎችን ይዘት የሚመለከት መጽሐፍ አሳተመ። የኦስትሪያ በርሜሎች ቅርጽ ለበትሩ የሚስማማ ሆኖ አገኘው፤ ቅርጹ ትንሽ ቢዛባም ይዘቱ ብዙ አይለወጥም። ጠጣር ነገርን በቀጫጭኑ እየከፈሉ መለካት ከኬፕለርና በ1635 መጽሐፉን ካሳተመው ከካቫሊየሪ አልፎ ወደ ካልኩለስ አደረሰ። የነገሩ መነሻ ግን የገዢና የሻጭ ሒሳብ ነው።

በአገራችን

ልኬት ከፍርድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በብዙ ገጠሮች እስከ ዛሬ የሚሰማው «ጥማድ» አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በግምት ሩብ ሄክታር ይባላል፤ ከግብፆቹ ሰታት ብዙም አይርቅም። ነገር ግን ጥማድ ስፋትን ብቻ ሳይሆን ድካምንም ይለካል። መሬቱ ጭንጫ ወይም ተዳፋት ከሆነ፣ በሬውም ከደከመ ጥማዱ ያንሳል።

«ቀላድ» የመለኪያ ገመድ ስም ሲሆን በኋላ በዚያ ለተለካው መሬትም ስም ሆኗል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መሬት በሰፊው በቀላድ ተለክቶ በጋሻ ሲመደብ፣ አንድ ጋሻ በተለምዶ 40 ሄክታር ያህል ይቆጠር ነበር፤ ልኩ ግን እንደ መሬቱ ለምነት ይለያይ ነበር። በ1930ዎቹ ዓ.ም. በወጡት የመሬት ግብር አዋጆችም ግብሩ የተወሰነው በጋሻ ሆኖ፣ መሬቱ ለም፣ ለም-ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተለይቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ አንድ ቤተሰብ የሚይዘው የእርሻ መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። 10 ሄክታር 100,000 ካሬ ሜትር፣ ወይም የአንድ ጋሻ ሩብ ያህል ነው። በአዋጅ ላይ የተጻፈ የስፋት ቁጥር በመስክ ላይ ትርጉም የሚኖረው ለክቶ የሚያረጋግጥ፣ የተለካውንም የሚመረምር ሰው ሲኖር ነው።

የእህል መስፈሪያውም እንዲሁ ነው። ቁና እስከ አፉ ሞልቶ በእጅ ሲስተካከልና ተቆልሎ ሲሰፈር አንድ አይደለም። ክምሩ ኮን ነው። ለምሳሌ ያህል ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ክብ መስፈሪያ እንውሰድ። በላዩ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ክምር ቢጨመርበት፣ ክምሩ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ሲሊንደር ጋር እኩል ነው። ይህም የመስፈሪያው ሁለት አሥራ አምስተኛ፣ ማለት ከመቶ 13 ያህል ነው። ቆልሎ ተበድሮ አስተካክሎ የሚመልስ ሰው ከስምንት ቁና አንድ ቁና ያህል አስቀርቷል። የኮን ሢሶ የገባው ልጅ ይህን በጣቱ አስልቶ ለእናቱ ሊነግራት ይችላል።

እንግዲህ ቀመርን ከነምክንያቱ ማስተማር ጊዜ የሚያባክን ትርፍ ሥራ አይደለም። የአህሜስን መልስ የገለበጠ ተማሪ 640 ይላል፤ የአርኪሜዲስን ጥያቄ የለመደ ተማሪ ግን «ትክክል ነው ወይስ ግምት? ግምት ከሆነስ ወደ ማን ያደላል?» ብሎ ይጠይቃል። ማሳውን፣ ጎተራውን፣ የመሥሪያ ቤቱንም ወረቀት የሚመረምር ዜጋ የሚሆነው ይህ ሁለተኛው ተማሪ ነው።

ለክፍል ሥራ

1. የት/ቤታችሁን ግቢ ወይም አንድ የተጣመመ ማሳ አራት ጎኖች በገመድ ለኩ። ስፋቱን በኤድፉ ሕግ አስሉ። ቀጥሎም በሁለት ጎነ ሦስቶች ከፍላችሁ አስሉና ልዩነቱን አሳዩ።

2. ዲያሜትሩ 1.8 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር የሆነ ክብ ጎተራ ይዘቱ ስንት ነው? በአህሜስ መንገድ 5.12፣ በፓይ ደግሞ 5.09 ሜትር ኪዩብ ያህል መሆኑን አረጋግጡ።

3. ፓይን 3 ነው ብንል፣ ዲያሜትሩ 20 ሜትር የሆነ ክብ ማሳ 300 ካሬ ሜትር ይሆናል። ዙሪያው 60 ሜትር የሆነ ክብ ማሳም እንዲሁ 300 ይሆናል። የመጀመሪያው እውነተኛ ስፋት 314፣ የሁለተኛው 286 ተኩል ያህል ነው። አንዱ ሕግ አንዴ ያሳነሰው፣ አንዴ ያበዛው ስለ ምንድን ነው?

4. በ160 ሜትር ገመድ ከሚታጠሩ ሬክታንግሎች ሁሉ ካሬው ትልቁን ስፋት እንደሚይዝ አስረዱ። ገመዱ ክብ ቢያጥርስ ስፋቱ ስንት ይሆናል?